በመውሊድ ዕለት የበላሁት

በሕይወቴ ስለ አንድ ምሳ የተጠየቅሁትን ያህል ስለ ሌላ ነገር ተጠይቄ አላውቅም። እናቴ ጠይቃኛለች። ወንድሜ ጠይቆኛል። የነፍስ አባታችን ጠይቀውኛል። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ትኬት የሚቆርጥ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ጠይቆኛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከረቫት ያሠሩ መምህራን ፊት ቆሜም ተጠይቄያለሁ። መልሱን ሊሰማ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከነሙሉ ታሪኩ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ፣ ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የምወርድ ሴት ነበርሁ። እንዲህ ያለችው ሴት ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው የሱፊዎችን ዚክር፣ ያውም የሴቶቹን ነበር። ዚክር የፈጣሪን ስም በኅብረት እየደጋገሙ ማውሳት ነው። መንዙማ ይዜምበታል፣ አንዳንድ ቤት ድቤም ይመታበታል። መኝታ ክፍል አብራኝ የነበረች የወሎ ልጅ መንዙማውን በካሴት ታዳምጥ ነበር። እኔ ቃሉን ሳልለይ ዜማው ይይዘኝ ነበር። ለምን እንደሚይዘኝ ማወቅ ፈለግሁ። ጥናት ብዬ የጀመርሁት ይህንኑ ነው።

"ጎጃም ውስጥ ምን ሱፊ አለ? ወሎ ሂጂ እንጂ" አሉኝ አማካሪዬ፣ በትውልድ አገሬ እንደምሠራ ስነግራቸው።

እንዳለ አውቅ ነበር። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ነጠላ የሸመኑት ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ ሙስሊም ሸማኔዎች ናቸው። ነጠላውን እያገላበጠ የሚያደንቅ በቤታችን ሞልቷል፤ ሸማኔዎቹ ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ምን እንደሚሉ ጠይቆ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

የመንደሯ ሽማግሌ ሼህ ይማም በመጀመሪያው ቀን በራፋቸው ላይ አቁመው ነው ያነጋገሩኝ።

"ማን ላከሽ?"

"ዩኒቨርሲቲው ነው፣ አባቴ።"

"ዩኒቨርሲቲውንስ ማን ላከው?"

ቀልድ አልነበረም። ሰው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ማን ከማን ጋር እንደ ዋለ ለቀበሌ የሚነገርበት ዘመን ነበር። መንግሥት ስለ እስልምና መጠየቅ ካበዛ ደግሞ ለደግ እንዳልሆነ እሳቸው በዕድሜያቸው አይተዋል። ሳምንታት አመላለሱኝ። በመጨረሻ ያስገቡኝ ባለቤታቸው እመት ሩቂያ ናቸው። የሴቶቹን ዚክር የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ ምላሳቸው ስለታም ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ትቀመጥ። ዝም ማለት ትችልበታለች" አሉ። ዓይን አፋርነቴ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ዚክር ላይ ሲሆኑ ምን ይሰማዎታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

"ጥርስሽን ሲያምሽ ሐኪሙ ምን ይሰማሻል ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?"

"ያመኛል።"

"እኔም ደስ ይለኛል። በይ ጻፊው!"

ሴቶቹ ሳቁብኝ። የሳቁት በፍቅር ነው ብዬ አላሳምረውም፤ ለእነሱ የማይጨበጥ ነገር ለመጨበጥ የመጣሁ ሞኝ ነበርሁ። ዚክር ከመጀመሩ በፊት ግን ሁሉም ትንሽ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ "ኒያ" ነው አሉኝ፤ አንድን ነገር ከማድረግ በፊት ለምን እንደሚያደርጉት ልብን መጠየቅ።

"አንች ለምን መጣሽ?" አሉኝ እመት ሩቂያ።

"ለጥናት።"

"እሱማ የወረቀትሽ ኒያ ነው። የራስሽን ነው የጠየቅሁሽ።"

ደብተሬን ከፍቼ ጥያቄያቸውን እንዳለ ጻፍሁት።

ወደ ዋናው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይገበያያል፣ በኀዘን ይደራረሳል። እንጀራው፣ ቡናው፣ ቆሎው ምንም አይደለም። ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ይቆማል። "በስመ አብ" ተብሎ የታረደው የክርስቲያን ነው፤ "ቢስሚላህ" ተብሎ የታረደው የሙስሊም ነው። የሌላውን ሥጋ የበላ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል። በዚህ የተነሳ ሰው የሚጠራ ቤት ሁሉ ብልሃት አለው። ሙስሊሙ ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ በሕይወት ያለ ዶሮ ወይም በግ ገዝቶ ለክርስቲያን ጎረቤት ይሰጣል። ጎረቤቱ አርዶ፣ በራሱ ቤት በራሱ ድስት ሠርቶ ያመጣዋል። ክርስቲያኑም ሲደግስ እንዲሁ ነው።

የዚያን ዓመት መውሊድ ሐሙስ ቀን ዋለ፤ ጾም አልነበረም። ሼህ ይማም ግቢ በሬ ታርዷል። እመት ሩቂያ ሁለት ዶሮ ከቡሬ ገበያ ራሳቸው መርጠው ገዝተው ለአያ ጫኔ ሰጧቸው። አያ ጫኔ አጥራቸው ከሼሁ አጥር የተያያዘ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው። በየመውሊዱ የሚያርዱትም እሳቸው ነበሩ። ጠዋት አጥሩ ሥር በስመ አብ ብለው ሲያርዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ሚስታቸው ጥሩዬ ቤቷ ሠርታ፣ ድስቱን በእርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች።

ረፋዱ ላይ የነበረውን ዚክር እንደ ሆነው ልጽፈው አልችልም። በጥናቴም አልቻልሁም። እመት ሩቂያ መንዙማውን አንሥተው ሴቶቹ ሲቀበሏቸው፣ ቴፕ መቅረጫዬን ከፍቼ መቀመጤን ረሳሁት። ካሴቱ ማለቁን ያወቅሁት ድቤው ሲያርፍ ነው።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ሴቶቹ ትሪያቸውን ከበው ሲቀርቡ፣ እኔ ከአያ ጫኔና ከጥሩዬ ጋር ፈንጠር ብለን ዋንዛው ሥር ተቀምጠን ዶሯችንን በላን። አያ ጫኔ ፈረሰኛውን አንሥተው "ለተማሪዋ!" ብለው አጎረሱኝ። እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ የተጠየቅሁት ምሳ ይህ ነው።

እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ የአይሱዙ ድምፅ ሰማሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደሴ ፍኖተ ሰላም የእህል ነጋዴ ነው። አባታችን ካረፉ ጀምሮ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። ጠዋት የቡሬ ደንበኛው ደውሎ "እኅትህ ከእስላም ጋር መውሊድ ልትበላ ሄደች" ብሎታል። የማኅበር ጓደኛውን መኳንንትን ይዞ ነው የመጣው። አጥሩን አልፎ ገባ። ሰላምታ ለማንም አልሰጠም።

"ተነሽ" አለኝ።

"ደሴ፣ ሰው ፊት ነው እኮ።"

"የቱ ሰው?"

ግቢው ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰማው።

"በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

"ምን?"

"ዶሮ።"

"ማን ያረደውን?"

"አያ ጫኔ ያረዱትን።" በእጄ አሳየሁት። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

መኳንንት ወደ አያ ጫኔ ዞረ። "የየት ደብር ነህ?"

"የጊዮርጊስ" አሉ አያ ጫኔ እየተነሡ።

"ሰንበቴ አለህ?"

"አለኝ።"

"የእሑዱ ተረኛ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጥሩ። እዚህ የመውሊድ አራጅ መሆንህን የሰንበቴ ጓደኞችህ ያውቃሉ? ወይስ እኛ እንንገርልህ?"

ለምን እንደ ፈሩ ይገባኛል። ከሰንበቴ የተባረረ ሰው ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቆምለት የለም። ቢገባኝም ይቅር አላልኋቸውም። አያ ጫኔ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣

"እኔ ቡሬ ውዬ፣ ይኸው አሁን መድረሴ ነው" አሉ።

የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቀይ የዶሮ ላባ ተጣብቆ ነበር። መኳንንት አየው፤ ደሴም አየው። ጥሩዬ ድስቷን አንሥታ፣ ዞር ብላም ሳታይ፣ በአጥሩ ክፍተት ወደ ቤቷ ገባች።

ሼህ ይማም በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። "ስማ ልጄ፣ እኅትህ የበላችው የናንተኑ ነው። በቤቴ የሰው ሃይማኖት በምግብ ተሰርቆ አያውቅም።"

"የእርስዎን ምስክርነት የጠየቀ የለም" አለ ደሴ።

"ለምን እንጨቃጨቃለን?" አለ መኳንንት። "ማተቧን ይዛ ትማል። የረከሰ አልቀመስሁም ትበልና እንሂድ።"

ማተቤን ያዝሁ። አፌ ቃሉን ሊጀምር ሲል ቀና ብዬ አየሁ። እመት ሩቂያ ከትሪው አጠገብ ቆመዋል። ሴቶቹ ጉርሻቸውን እንደ ያዙ ያዩኛል። የረከሰ የተባለው እጃቸው ላይ ያለው ነው።

"የእነሱን አልበላሁም ብዬ እምላለሁ" አልሁ። "የረከሰ ግን አልልም።"

"ልዩነቱ ምንድነው?" አለ ደሴ።

"ልዩነቱ ከጠፋህ..." ሲናደዱ ቃል የሚጠፋባቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ነኝ።

ደሴ ነጠላዬን ጨምድዶ ያዘ። "ካልማልሽ በልተሻል ማለት ነው። አባባ እንኳን ሞተ! ይህን ሳያይ እንኳን ሞተ!"

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያደረገችው ባጃጅ ማስቆም የምታፍረው ሴት አትመስለኝም። እጁን አስለቀቅሁ። ወደ ሴቶቹ ትሪ ሄጄ ከመሐል ትልቁን ሥጋ አነሣሁ። ዓይኑን እያየሁ ወደ አፌ አቀረብሁ።

ከንፈሬ ሳይደርስ እጄ ላይ ምት አረፈ። ሥጋው ሣሩ ላይ ወደቀ። የመቱኝ እመት ሩቂያ ናቸው።

"በምን ኒያ ነው የምትበይው?" ብለው ጮኹብኝ።

"እኔ..."

"ንገሪኛ! ይኸን ያህል ጊዜ ኒያ ምንድነው እያልሽ ስትነዘንዢኝ ከርመሽ የለ! በምን ኒያ ነው? ወንድምሽን ልታቃጥይበት ነው። የመውሊዱን ሥጋ ለወንድምሽ ጥፊ ልታደርጊው ነው! አንች በንዴት በልተሽ በመኪና ትሄጃለሽ። እሳቱ ግን የሚለኮሰው በማን ጣራ ላይ ነው? በኔ! ሰው ሃይማኖቱን መለወጥ ቢፈልግ ቀዝቅዞ በሌላ ቀን ይመጣል። ሰው ለማብሸቅ ከኔ ትሪ አንድ ቁራሽ አይነሣም።"

ከዚያ ወደ ደሴ ዞሩ። "አንተም ውሰዳት። እንዳመጣጧ ናት፣ ምንም አልጎደለባት። እውነቱን የፈለግህ ቀን ጫኔን ብቻውን አግኝተህ ጠይቀው፤ ጓደኛህን ግን አታምጣ።"

"እመት ሩቂያ፣ ልመለስ እችላለሁ?" አልኋቸው።

"ሲበርድልሽ።"

መኪናው ውስጥ በሁለቱ መካከል አስቀመጡኝ። ማንኩሳን ስናልፍ ደሴ መስኮቱን ከፍቶ ተፋ።

እናቴ በራፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን። መጀመሪያ ያየችው ፊቴን አይደለም፤ አንገቴን ነው። ማተቤ እንደ ነበረ ነው።

"በላሽ?"

"አልበላሁም፣ እማዬ።"

"በይ ማይልኝ።"

"ሳልምል እመኚኝ።"

ራት ሲቀርብ፣ ለእነሱ ትሪው ቀረበ። ለእኔ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ የቆርቆሮ ሳህን ለብቻዬ ተሰጠኝ። ያ ሳህን ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን አለ። የቀን ሠራተኛ ሲመጣ ብቻ ነበር የሚወርደው።

እንዲህ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ሳህኑ ይወርዳል። ብርጭቆዬም ተለየ፤ በበሩ ጀርባ መስማር ላይ በተንጠለጠለ ፌስታል ይቀመጥ ነበር።

የነፍስ አባታችን መጡ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። "ልጄ፣ ባትበዪም እንኳ ቄደር ብትጠመቂ ምን ይጎዳሻል? ሰው ይረጋጋል" አሉኝ። ቄደር ሃይማኖቱን ትቶ ለተመለሰ ሰው የሚደረግ ጥምቀት ነው።

"አባቴ፣ ካልሄድሁበት እንዴት ልመለስ?"

ፈገግ ሊሉ ነበር። ደሴ አጠገባችን ስለ ነበረ ተዉት። "ትምህርቱ አበላሽቶሻል" ብለው ተነሡ።

መማል ቀላል እንደ ነበር አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከእናቴ ትሪ ያስመልሰኝ ነበር። አንዲት ሴት ግን ለእኔ ብላ ገበያ ወርዳ ዶሮ መርጣ፣ የራሷን ቢላ ሳታስነካ ለጎረቤት ሰጥታ፣ ሃይማኖቴን ከእኔ ይልቅ ጠብቃልኛለች። ያንን ሁሉ ጥንቃቄ እንዳልነበረ ቆጥሬ፣ ከአውሬ ዋሻ በተአምር እንደ ወጣሁ መማል አልቻልሁም። እልህም ነበረበት፤ አልክድም።

ጥናቴን ጨረስሁ። በመምህራን ፊት ባቀረብሁበት ቀን አንዱ ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "እኔ የምለው፣ የኛ ተመራማሪ፣ ሥጋቸውንስ ቀመስሽው?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። አማካሪዬም ሳቁ።

"ጥያቄውን በምን ኒያ እንደ ጠየቁኝ ቢነግሩኝ እመልሳለሁ" አልሁ።

ሳቁ ቆመ። ውጤቴ ከጠበቅሁት ዝቅ ብሎ መጣ። በሕዝብ ፊት ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን ያ ነው፤ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

እመት ሩቂያ ዘንድም ቀጣዩ መውሊድ ካለፈ በኋላ ተመልሼ ሄጄ ነበር። "በረደልሽ?" አሉኝ። "አልበረደልኝም" አልኋቸው። "እንግዲያው ጥያቄ የለም። ቁጭ በይና ሽንኩርት ላጪ።" ላጥሁ። አያ ጫኔ በአጥሩ ላይ አይተውኝ ወደ ጓሯቸው ዞሩ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ለመውሊድ እንደማያርዱ፣ እመት ሩቂያም ክርስቲያን እንግዳ መጥራት እንደ ተዉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። "የሚያርድልኝ ከሌለ ምን ላበላችሁ ነው?" አሉኝ።

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ "ኧረ እኛ ተቻችለን የኖርን ሕዝብ ነን" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በየስብሰባው ሰምቼዋለሁ፤ ቲሸርት ላይም ታትሞ አይቼዋለሁ። እኔ ያየሁት መቻቻል ግን ሁለት ዶሮ፣ አንድ ድስትና በአጥሩ ውስጥ የተተወ ክፍተት ነበር። በመፈክር አልተሠራም፤ በመፈክርም አይመለስም። አንድ ሰው "አርጃለሁ" ማለት በፈራበት ከሰዓት በኋላ ፈረሰ። ያስፈራሩት ሰዎች ደግሞ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ገበያቸው ዋሉ። ስለ ሱፊዎች ልጽፍ ሄጄ የተማርሁት ስለ ወገኖቼ ነው። የተማርሁት ደስ አላሰኘኝም።

ከምረቃዬ በኋላ ያለው ፋሲካ መጣ። ዶሮውን ያረደው ደሴ ራሱ ነው፤ ሲያርድ እኔ ውኃ አቀበልሁት። እናቴ ወጡን ከድስቱ እየጨለፈች ትሪው ላይ አወጣች። ቀጥላ ከዚያው ድስት ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ሳህን ላይ ጨለፈችልኝ። ሳህኑን ይዛ ወደ እኔ ስትመጣ መሐል ቤት ላይ ቆመች። ሳህኑን አየችው። ትሪውን አየችው።

"ሁለት ዓይነት ዕቃ ማጠብ ደከመኝ" አለች።

ተመልሳም የሳህኑን ወጥ ትሪው ላይ፣ በደሴ በኩል ገለበጠችው።

"እማዬ!" ብሎ እጁን ሰበሰበ ደሴ።

"ምነው? ያረድኸው አንተ፣ የሠራሁት እኔ። የማነው ልትል ነው? ነይ አንች፣ ቅረቢ፤ ይቀዘቅዛል።"

ቀረብሁ። ደሴ ተነሥቶ ወጣ።

እናቴ ያን ያደረገችው አምናኝ ይሁን እውነትም ዕጥበቱ ደክሟት አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ አይቀርብም። እኔ ባለሁበት ሲመጣ፣ እናቴ ምንም ሳትናገር ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሳህን አውርዳ ለእሱ ታቀርብለታለች።